የእርሾ ክርትፍ አጃ

በሰፈሩ ማንም ስሟን አይጠራም፤ እርሾ ነው የሚሏት። ዕድሜዋን ሙሉ ከጓሮ ክፍሏ ዳቦ እየጋገረች ጎረቤቱን ስላበላች ብቻ አይደለም፤ ቢደፈጥጧትም መልሳ ኩፍ የምትል ሴት ስለሆነች ነው። ባሏ የሞተ ጊዜ አበቃላት ተባለ፤ እሷ ግን ሳትቆይ ሊጥ አቦካች።

ደም ግፊቷ ተነስቶ ግራ እጇ የደነዘዘ ጊዜ ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠላት። ቆሽቷን ያሳረራት ከሕመሙ ይልቅ ይሄ ነበር። ሐኪሙ ጨው ቀንሺ፣ አጃ ብዪ አላት። ልጇ ደግሞ ከሐኪሙም አልፋ ዳቦ መጋገሩን ከለከለቻት። እውነቱን ለመናገር ልጅቷ ያለ ምክንያት አልፈራችም። እናቷ የጋለ ትሪ በደነዘዘው እጇ ይዛ፣ መቃጠሏን ያወቀችው ሽታው ሲመጣ ነው።

"እማዬ፣ በቃ! ምድጃውን እንሽጠውና አንቺም እኔ ጋ ትገቢያለሽ" አለች።

"ማን ሞተና ነው ውርስ የምትካፈዪው?"

"ገዢ አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ይመጣል።"

ይህን ብላ ያመጣችውን አጃ ልታበስል ገባች። አጃው ያ ጠፍጣፋው፣ ቶሎ የሚበስለው አልነበረም። ተጣድፋ የተከረተፈውን፣ ፍሬው ተቆራርጦ እንደ ስብርባሪ ሩዝ የጠነከረውን አንስታ መጥታለች። ውሃው ገና መንተክተክ ሲጀምር አውጥታ አቀረበችላት። እርሾ አንድ ማንኪያ ጎርሳ አኘከች፣ አኘከችና ተፋችው።

"ሐኪም ያዘዘው ነው ወይስ ለዶሮ የገዛሽው?"

ልጅቷ ተቆጥታ ሄደች። እርሾ ከከረጢቱ ጋር ብቻዋን ስትቀር እልህ ያዛት። በሽተኛ ነሽ ብለው የሰጧትን እህል የጤነኛ ምግብ አደርገዋለሁ ብላ ማለች።

መጀመሪያ ደረቁን በመጥበሻ አመሰችው፤ ቤቱ ለውዝ ለውዝ ሸተተ። ሽንኩርትና ካሮት አቁላልታ አጃውን ጨመረችና፣ ሙቅ ውሃ እየቸለሰች እንደ ሩዝ ቀስ አድርጋ አበሰለችው። የተረፈውን በማግስቱ ከድንችና ከእንቁላል ጋር ለውሳ፣ ጠፍጥፋ ጠበሰችው። ምስር ሾርባ ውስጥም ሞከረችው። ሌላ ቀን ደግሞ ፖም ከትፋ፣ ቀረፋ ነስንሳ፣ ከወተት ጋር ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ጎረቤቷ፣ የአውቶብስ ሹፌር የነበረው ባለጡረታ፣ "አመመሽ እንዴ?" ማለቱን ትቶ "ዛሬስ ምን አለ?" እያለ ይመጣ ጀመር።

ዳቦው ላይ ግን ኩራቷ ጉድ ሠራት። አጃው ይዘፍዘፍ የሚል ምክር ከረጢቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ከረጢት ስለ ሊጥ ሊያስተምራት ነው? ደረቁን እንዳለ በተነችበት። አጃው የሊጡን ውሃ ሁሉ ጠጣና ዳቦው ድንጋይ ሆኖ ወጣ። ባለጡረታው አንድ ጊዜ ነክሶ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ በመስኮቱ ብርሃን አገላብጦ አየው።

"በዚህስ ቁልቁለት ላይ የቆመ አውቶብስ ይታገድበታል" አላት።

"ሻይህን ጠጥተህ ውጣልኝ!"

ሲወጣላት ግን ፈራች። እጇ ብቻ ሳይሆን ሙያዋም የደነዘዘ መሰላት። ልጄ ልክ ብትሆንስ? ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ለቅዳሜ አጥቢያ አጃውን በፈላ ውሃ ዘፍዝፋ አሳደረችው። ጠዋት አብጦና ለስልሶ ስታገኘው ከሊጡ ጋር በቀኝ እጇ አሸችው፤ ግራ ክንዷ ገበታውን ደገፈ። ዳቦው ሲደርስ ባለጡረታውን ጠርታ ትሪውን አስወጣችው። ቂሙን ትቶ መጣ። እሷ ሥሩን በጣቷ ቆረቆረችው፤ እንደ ከበሮ ጮኸላት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ረፋድ ላይ ልጇ ገዢውን አስከትላ ደረሰች። ቁርስ ቤት ሊከፍት የተነሳ ጎልማሳ ነው፤ የጭነት መኪናውና ሠራተኞቹ ደጅ ቆመዋል። የምድጃውን በር ከፈተ፣ ዘጋ፣ ወደደው። እርሾ ዳቦውን ቆርሳ ሰጠችው። በላና ሌላ ጠየቀ።

"እማማ፣ ምን ያለበት ነው?"

"የበሽተኛ እህል።"

"ማን ጋገረው?"

"ምድጃው ብቻውን ይጋግራል?"

"እናቴ ታማለች፣ ሥራ አቁማለች" አለች ልጅቷ።

"ማን አቆመኝ?" እርሾ ወደ ገዢው ዞረች። "ስማ! ይሄ ምድጃ አመለኛ ነው፤ በኋላ በኩል ያሳርራል። አመሉን የማውቀው እኔ ነኝ። ከወሰድከው እኔንም ትወስደኛለህ። ማቡካቱ የእኔ፣ ትሪ ማንሳቱ የእናንተ።"

ሰውየው ሳቀ። አለመሳቋን ሲያይ ግን እሱም አቆመ። "ትሪውንማ እናነሳለን" አለ።

የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ። "እማዬ፣ አጉል እልህ ነው! ደግመሽ ብትቃጠዪስ?"

"ያን ቀን የተቃጠልኩት ብቻዬን ስለነበርኩ ነው። አንቺ ጋ ብገባስ? አንቺ ሥራ ስትውዪ እኔ ግድግዳ ሳይ ልውል?"

ልጅቷ እንደምንም ልታባብላት ሞከረች፣ ለመነቻት፤ እርሾ ወይ ፍንክች! ሠራተኞቹ ምድጃውን ተሸክመው ጫኑ። እርሾም ሽርጧን በብብቷ ይዛ፣ በቀኝ እጇ ተንጠልጥላ ጋቢናው ውስጥ ገባች።

"አሁኑኑ የት ነው የምትሄጂው?"

"ሥራ ነዋ! በሩን ግፊልኝ፤ ግራ እጄ አይችልም።"

ልጅቷ ቆማ አየቻት። ከዚያ በሩን በሁለት እጇ ገፍታ ዘጋችላት።