መርፌውን ትሸጣለች የተባለችው

ያን ቀን ከማለዳ ጀምሮ ያካፋ ነበር። ልብስ አጣቢዋ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ተነስታ ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ እጇ ገና በረኪና በረኪና ይሸታል። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ደምና ሽንት የነካው አንሶላ ስታጥብ ኖራለች፤ ያን ቀን ግን የወጣችው ለራሷ ምርመራ ነው።

አንጎሏ ሥር ካለችው እጢ እባጭ በቀዶ ሕክምና ከወጣላት ወዲህ ሰውነቷ የእድገት ሆርሞን አይሠራም፤ የወር አበባዋም ቀርቷል። ሆርሞኑን ከሆስፒታሉ ይሰጧትና በየቀኑ ሆዷን ትወጋለች። ያለ እሱ አንድ ቅርጫት አንሶላ ማንሳት አትችልም። ሦስቴ መጠኑን ጨመሩላት፤ መርፌው መሥራቱን የሚያሳየው የደሟ ልክ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ትወጊዋለሽ ወይስ ትሸጪዋለሽ?» አላት ዶክተሩ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

«ሆዴን ልግለጥልዎ? ወንፊት ሆኗል እኮ!»

«በሚቀጥለው ምርመራ ካልተስተካከለ ከዝርዝሩ ትወጫለሽ። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

ትፍ ማለት አማራት፤ ዋጠችው። ቤት ስትገባ ደግሞ ታላቅ እህቷ ነገሩን ሰምታ፣ «መቼም በባዶ ሜዳ አይጠረጥሩሽም፣ አንቺ ልጅ» አለቻት። ራቷን ሳትነካ ተኛች።

በማግስቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክብደት የምትመዝነው አሮጊት ነርስ ጋዋን ልትወስድ ምድር ቤት ወረደች።

«ምነው ፊትሽ እንዲህ ጠቆረ፣ እህቴ?»

ነገረቻት።

«ሌላ የምትውጪው መድኃኒት አለ?»

«የሴቶች ሐኪሙ ያዘዘልኝ ክኒን ነዋ። ኢስትሮጅን ይሉታል።»

«ለላይኛው ዶክተር ነግረሽዋል?»

«ማን ጠይቆኝ? እዚያ ሌላ ካርድ ነው ያለኝ።»

እዚያ ሆስፒታል እያንዳንዱ ፎቅ የየራሱን ካርድ ቆልፎ ያስቀምጣል፤ አንዱ የሌላውን አያይም።

«ኤዲያ!» አለች ነርሷ። «በአፍ የተዋጠ ኢስትሮጅን መጀመሪያ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው። የመርፌሽን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚሠራውም ዋናው ጉበት ነው። ክኒኑ ጆሮውን ይደፍነዋል፤ አንቺ ብትወጊ፣ እሱ መች ሊሰማሽ! ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ግን እንዲያ አያደርገውም።»

«ሁለት ዓመት ተኩል ውጫለሁ፣ ሲስተር።»

«ሌባ ያሰኘሽ እሱ ነው በይኛ።»

እጇን ይዛ ወደ ሴቶች ሐኪሙ ወሰደቻትና ክኒኑ በሚለጠፈው ተቀየረ። ከሁለት ወር በኋላ የደሟ ልክ ከሚፈለገው በላይ ወጣ፤ መርፌው በግማሽ ተቀነሰ።

ዶክተሩ ውጤቱን አየና ፈገግ አለ። «አየሽ? በደንብ ስትወጊ ይስተካከላል።»

ስለ ክኒኑ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ፈገግታውን ስታይ ግን ትታው ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ዛሬም እዚያው ምድር ቤት ትሠራለች። በሳምንት ሁለቴ ልጣፏን ትቀይራለች፣ በየቀኑ ትወጋለች፤ ስሟም ከዝርዝሩ አልወጣም።