ነዋሪ የሌለበት ሰፈር

ወለላ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት በፀሐፊነት ስትሠራ፣ የምትጽፈውን ነገር ልብ ብላ አንብባ አታውቅም። "ያነበብኩ ቀን እሳሳታለሁ" ትል ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የዕቅድ ባለሙያው አቶ ይርዳው በእጅ የተጻፈ ረቂቅ አመጡላት። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚናዱ የወንዝ ዳርቻዎችን በድንጋይ ግንብና በቀርከሃ ተከላ መልሶ ለማልማት የወጣ የሦስት ዓመት ዕቅድ ነው። ባለሙያ ያጠናል፣ ዞን ይገመግማል፣ ክልል ከዚህ አይለፍ ብሎ የበጀት ጣሪያ ይቆርጣል፣ መጨረሻ ላይ ምክር ቤት ያጸድቃል። ይህን ሂደት ወለላ በቃሏ ታውቀዋለች።

የትኛው ሰፈር በየትኛው ዓመት እንደሚሠራ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ እየሞላች ሳለ ጣቷ ድንገት ቆመ። "ታች ሰፈር፦ ነዋሪ የለም፤ ሦስተኛ ዓመት" ይላል።

ታች ሰፈር ከአማን ከተማ ዳር፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ያለ፣ እሷ ተወልዳ ያደገችበት ሰፈር ነው። የዚያን ዕለት ጠዋትም እናቷንና ሁለት ልጆቿን እዚያው ትታ ነው የወጣችው። ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች አቶ ይርዳው ቢሮ ገባች።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ እዚህ ነው የምኖረው!"

መጀመሪያ የምትቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ካርታውን ሲገልጡ ግን ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። ካርታው የተነሣው እሷ ከመወለዷ በፊት፣ ቦታው የቡና ችግኝ ጣቢያ በነበረበት ዘመን ነው።

"ሄዶ ያየ ሰው የለም?"

"መንገዱ ጭቃ ነበር" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ሐዋሳ ይላካል። እዚያ ከጸደቀ በኋላ የሚነካው የለም።"

"እንግዲያው ዛሬውኑ ይምጡና ይዩ።"

ቁልቁል ወረዱ። የአንድ ጎረቤት ማጀት ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወንዝ ገብቷል፤ በቀረው ግማሽ ሴትዮዋ ጎመን ትከትፋለች። አቶ ይርዳው የእንሰት ግንድ ይዘው ቁልቁል አዩና ጠየቁ።

"ስንት ቤት ነው?"

"አርባ ሦስት።"

"አርባ ሦስት ቤት!" አሉና ሰንጠረዡን ሊያርሙ ወደ ቢሮ ተመለሱ።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ይርዳው የታረመውን ሰንጠረዥ አመጡላት። ታች ሰፈር ወደ መጀመሪያው ዓመት ገብቷል። ወለላ እፎይ ልትል ስትል ከሥሩ በቀይ የተጻፈውን አየች፦ "ድልድይ ማዶ፣ ሠላሳ ሁለት አባወራ፤ ወደ ሦስተኛ ዓመት የተዛወረ።"

"ይሄ ደግሞ ለምን?"

"የበጀቱ ጣሪያ እኮ ያው ነው፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል።"

ስሕተት ያረመች እንጂ ሰው በሰው የለወጠች አልመሰላትም ነበር። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቷል። ጻፈችው።

ዕቅዱ ሐምሌ ላይ ጸደቀ። ነሐሴ ላይ በገበያ ቀን ወንዙ ሞልቶ ከድልድይ ማዶ አምስት ቤት ወሰደ። ሰዉ ገበያ ስለነበር ነፍስ አልጠፋም። ቤታቸውን ካጡት አንዷ፣ ከጅማ በኩል መጥታ ቡና የምትነግደው ከድጁ፣ ስለ ዕቅዱ ሰምታ፣ በሳምንቱ ጭቃ የበላውን ጫማዋን እንዳደረገች ወለላ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

"እኅቴ፣ እኛን ወደ ሦስተኛ ዓመት የገፋን ማነው?"

ወለላ ልትዋሽ አልቻለችም። ካርታውን፣ ማጀቱን፣ የበጀቱን ጣሪያ፣ ሁሉንም ነገረቻት።

"እናንተን ሳያዩ ሊያልፏችሁ ነበር" አለች ከድጁ ሁሉን ሰምታ። "እኛንስ?"

"እናንተን አይተዋል። አጥንተዋል።"

"አይተውን ነው?"

ከድጁ አልጮኸችም። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ወለላ ወደ ጽሕፈት መኪናዋ ዞረች። ወረቀት አስገብታ፣ ስሟን ጠይቃ፣ የተጨማሪ በጀት ማመልከቻ እዚያው ጻፈችላት። በሁለት ቀን ውስጥ ሠላሳ ሁለቱም አባወራዎች ፈረሙበት፤ አቶ ይርዳውም ራሳቸው ሐዋሳ ይዘውት ሄዱ።

መልሱ ጥር ላይ መጣ፦ "በበጀት እጥረት ምክንያት በተያዘለት ዓመት ይታያል።"

መጋቢት ላይ የታች ሰፈር ግንብ ተሠራ። የድልድይ ማዶው ልክ በዕቅዱ እንደተጻፈው በሦስተኛው ዓመት ተሠራ። ያን ጊዜ ከሠላሳ ሁለቱ ቤቶች የቀሩት ዐሥራ ዘጠኝ ነበሩ።