የብረት ጣራ ያላት ባጃጅ

በወረታ የብረት ጣራ ያላት ባጃጅ አንዲት ናት፤ እሷም የኔ ናት። የሌላው ሁሉ ጣራ ሸራ ነው። አራተኛ ክፍልን ሁለቴ አይቼ የተውኩ ሰው ነኝ፤ ይሄን ግን በጭንቅላቴ አስቤ በእጄ ሠራሁት።

የሠራሁት ለእናቴ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ በያመቱ ግንቦት ላይ ወንዛዬ ፍልውሃ ትወርዳለች። አምና እኔው ስወስዳት መንገድ ላይ ዶፍ ያዘን፤ ሸራው ተገነጠለና ፍልውሃው ጋ ሳትደርስ ታጠበች። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል ተናገረች፦ «ዘንድሮ ሳልበሰብስ ካላደረስከኝ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ነው የምሄደው።» የጎረቤቱ ልጅ! እሱም ባጃጅ ነጂ ነው፤ እናቴን ጭኖ በፊቴ ሲያልፍ ከማይ ባጃጄን ሸጬ በሬ ብነዳ ይሻለኛል።

እና ሠራሁ። ከላይ ላሜራ፣ ከታች ላሜራ። ፀሐይ እንዳይጠብሰን ብዬ መሀሉን የሩዝ ገለባ ጠቀጠቅሁበት፤ ገለባ እንደሆነ እኛ አገር ከሩዝ መፈልፈያው ጀርባ ተራራ ነው፣ ውሰዱልን ተብሎ ይለመናል። ይሄን ባጃጅ የሚሠራው ፋብሪካ ራሱ አላሰበውም!

ብቻ ከበደች። ሜዳው ላይ ንግሥት ናት፤ ትንሽ ጉብታ ስታይ ግን ታቃስታለች። አንድ ቀን አንድ ቄስ አሳፈርኩ። ቀና ብለው ጣራዬን አዩና፣ «ልጄ፣ ጉልላቱ ቀረህ እንጂ ደብር ሠርተሃል» አሉኝ።

«ይባርኩልኛ አባ!»

«እባርክልህ ነበር፣ እንዳይወድቅብኝ ፈራሁ እንጂ» ብለው ወረዱ።

የበየደልኝ ጓደኛዬ ክብደቱን እንቀንስ ብሎ ነዘነዘኝ።

«በሬ ከበደኝ ብሎ ቀንዱን ይቆርጣል?» አልኩት።

«በሬ ቢሆንማ ጥሩ፤ አንተ ቀንዱን የሰቀልከው ፍየል ላይ ነው።»

ነገሩ ገባኝ። ወንዛዬ መንገድ ዳገት አለው፤ ዳገቱ ላይ እናቴን ውረጂና ግፊ ልላት ነው እንዴ? መሰርሰሪያ ይዤ የጣራውን ጠርዝ ዙሪያውን በሳሳሁት። ከላይ አልበሳሁም፣ ሞኝ አይደለሁም። የወጣው ብናኝ ተሰብስቦ የሻይ ብርጭቆ አልሞላም፤ እኔ ግን «ላባ ሆነች!» ብዬ ከተማውን በጡሩምባ ዞርኩት።

ከሳምንት በኋላ ሌሊቱን ዶፍ ዘነበ። ጧት ላባዬ ከግቢ መውጣት አቃታት። ጣራውን ፈታን። ስንሰቅለው ሁለት ሆነን ነበር፣ አሁን ጎረቤት ተጠራ። ሩዝ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አወጣነው፤ ከመበሳቱ በፊት መዝነነው ነበርና ጓደኛዬ ቁጥሩን ሲያይ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«በመሰርሰሪያ ክብደት የጨመረ ሰው ዛሬ አየሁ!» አለና እስኪያለቅስ ሳቀ።

እየሳቀ እያለ እግሩ ላይ ጠብ አለበት። ቢያይ ውሃ ነው። ዝናቡ በኔ ቀዳዳ ገብቶ ገለባው ሲጠጣው አድሯል! የታችኛውን ላሜራ ስንፈታ ትኩስ እንፋሎት ወጣ፣ ሽታው ቁርጥ የጠላ ጥንስስ። ለካ ከበሳሁት ጀምሮ ካፊያ በጣለ ቁጥር ገለባው ሲጠጣ ነው የከረመው፤ እኔ ጠላ ተሸክሜ ከተማ አዞራለሁ።

ገለባውንም የታችኛውንም ላሜራ ጣልነው፣ ቀዳዳዎቹን በየድናቸው። በማግሥቱ እናቴን ጭኜ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ የጎረቤቱን ልጅ አለፍኩት! ጡሩምባዬን ለቀቅሁበት። ደመና መጣ፣ ዘነበ፣ ሄደ፤ እኛ ላይ አንዲት ጠብታ የለም። ከዚያ የግንቦት ፀሐይ ወጣ።

ስንደርስ ዞር ብዬ «እማ፣ በሰበስሽ?» አልኳት በኩራት።

ነጠላዋን ጨመቀችው፤ ላብ ተንጠባጠበ።

«መልሰኝ» አለች።

«ፍልውሃውስ?»

«እዚሁ ታጥቤ ጨረስኩ እኮ!»

ሆኖም ገባች። እስክትወጣ እኔ ጣራዬን እየዳሰስኩ ቆየሁ፤ እጅ ያቃጥላል። ስትወጣ የጎረቤቱ ልጅ ቀድሞኝ ቆሟል። «እማማ፣ ይምጡ በኔ ይመለሱ፤ እኔ ጋ ነፋስ አለ።»

እናቴ ሸራውን አየችው፣ የኔን ብረት አየችው።

«ነፋሱን አምና ጠግቤዋለሁ» አለችና ጉልበቷን እንኳ ሳትደግፍ ወደኔ ገባች። «ንዳ። ያንተው ከፍልውሃው ይበልጣል።»