ደባርቅ የቀረው ግማሽ ፊልም

የፊልሙ ጫፍ ከማሳያ ማሽኑ ወጥቶ ጠፍ ጠፍ ሲል ዋሴ ሞተሩን አቆመ፤ ሁለተኛውን ጥቅል ከነቆርቆሮው ከጠረጴዛው አነሣ።

"እንግዲህ አውጫጭኝ እንቀመጥ!" አሉ አለቃ ወልደ ሩፋኤል ከፊት ወንበር።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። በአገሩ ወግ ሌባ ወይም ገዳይ ማን እንደሆነ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ወንጀለኛው ሳይወጣ አይነሣም። አሁን የጠፋው ፊልሙ ውስጥ የወርቅ ነጋዴውን የገደለው ነው።

"ሚስቱ ናት" አሉ ጠላ ሻጯ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። "ባሏ ሞቶ ከንፈር ትቀባለች።"

"እትዬ፣ እርስዎስ በባለቤትዎ በጋሼ ተዝካር ኩል ተኩለው አልነበር?" አለ አንሙት የጭነት ሾፌሩ።

"ዓይኔን አሞኝ ነው፣ አንተ ቀላዋጭ!"

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ዘመኑ ሰባ ዓመተ ምሕረት። የትምህርት ቤቱ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተጋርደዋል። ዋሴ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። ማሳያውንና አሮጌውን የሆሊውድ ፊልም ትቶለት የሄደው አንድ ፈረንጅ መምህር ነው። ሁለት ዓመት ለብቻው ሲያየው ቆይቶ ዛሬ ገና ለሰው አሳየ።

እንግሊዝኛው ብዙም አይገባውም። መጀመሪያ ልቡን የያዘው በፊልሙ ያለው ጭጋግ ነው፤ ከሊማሊሞ ወጥቶ ደባርቅን የሚውጠው ዓይነት። ደጋግሞ ሲያይ ከጭጋጉ ጀርባ ከተማ እንደሌለ ገባው። አንድ በር፣ አንድ የመንገድ መብራት፣ አንድ መኪና። መኪናዋ ሦስት ጊዜ ታልፋለች፤ የሚለወጠው የሾፌሩ ባርኔጣ ነው። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች እጅ አጥሯቸዋል፤ የጎደላቸውን በጥላ ሞልተውታል። ጭጋጉ ውስጥ ሰው አይታይም፤ ጫማ ብቻ ይራመዳል። ዋሴ እዚያ ሲደርስ ወንበሩ ከሥሩ የሚሄድ ይመስለዋል፤ ሸለብ ሊያደርገው ሲል እንደሚሆነው።

በሩ ተከፈተ፤ ብርሃን ገባ። ካድሬው ጓድ ተክለ ማርያም ወረቀት ይዞ ቆሟል።

"ጓድ ዋሴ፣ የኢምፔሪያሊስት ፊልም እንዲወረስ ታዟል። የታለ?"

የመጀመሪያው ጥቅል ማሳያው ላይ እንደተጠመጠመ ነው፤ ሁለተኛው ዋሴ እጅ ላይ። ሁለተኛው ውስጥ ገዳዩ አለ። ተኩስ አለ፤ ብዙ የሚያወራ ፖሊስም አለ። ጭጋግ የለም።

ዋሴ ቆርቆሮውን ዘረጋ።

"ይኸው ብቻ ነው?"

ካድሬው ወደ ሕዝቡ ዞረ። "የቀረ አለ?"

ሁሉም ማሳያው ላይ የተጠመጠመውን ጥቅል ያያል፤ ለካድሬው ግን የማሽኑ አካል ነው። ገዳዩን ሳያውቁ ሊቀሩ ነው። አለቃ ወልደ ሩፋኤል መሬት መሬት አዩ።

"ሌላ ምን ይኖራል፣ ልጄ?" አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። "አንድ ነጋዴ ስንቴ ይሞታል?"

ካድሬው ቆርቆሮውን በብብቱ ይዞ ወጣ። አንሙት በሩን ዘጋ።

"ዋሴ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ንገረን። ማን ነው?"

"መጀመሪያ እናንተ አውጡ" አለ ዋሴ፤ ጥቅሉን ወደ ኋላ ማጠንጠን ጀመረ።

የተወሰደው ጥቅል በዚያው ሳምንት ጎንደር ላይ ተቃጠለ። የመጀመሪያው እስከ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ድረስ ደባርቅ ውስጥ ሲታይ ኖረ።