አንድ ጣት የሚቀረው ሥዕል

ሰዓሊው የሰው ፊት እየሣለ የከበረ ሰው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የሀብታሞችን ሽበት ሲደብቅ፣ ድርብ አገጭ ሲቀንስ፣ የኮስተረ አፍ ፈገግ ሲያሰኝ ኖረ። ሥዕሉን ይዞ ወደ ቤቱ ሄዶ ከመስታወቱ ጋር ያልተጣላ ደንበኛ አልነበረም።

ስልሳ ሲደፍን የከተማውን ቤት ለእህቱ ትቶ ከብት የሚያረባበት ሰፊ መሬት ገዛ።

«ደግሞ የቷ ላም ናት አሳምረኝ ያለችህ?» ብላ ሳቀችበት።

«እሱን ብዬ አይደል የምሄደው!» አላት።

በመሬቱ መሀል ምንጭ አለ፤ ከብቱም፣ ወፉም፣ ጎረቤቱም የሚጠጣው ከዚያው ነው። ሰዓሊው ወር በገባ ቁጥር ወንበሩን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አውጥቶ ይሥለዋል፤ ከሥዕሉ ጀርባም ቀኑን ይጽፋል። የእረኞቹ አለቃ «ውሃው እየሸሸ ነው» ባለው ቁጥር ሥዕሎቹን ደርድሮ «ይኸው፣ ያው ነው» ይለዋል።

ሰባት ዓመት ሲሞላ አለቃው አዲሱን ሥዕል ተቀብሎ ወደ ምንጩ ወረደና አንድ ጥቁር ድንጋይ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ እዚህ ውሃ ይታይዎታል?»

«አይታየኝም።»

«እዚህ ሥዕል ላይ ግን ድንጋዩ ውሃ ውስጥ ነው፤ ጫማዬ ርሷል።»

ሰዓሊው ቤት ገብቶ ሰማንያ አራቱን ሥዕሎች ወለሉ ላይ ዘረጋ። አንዱም ላይ ጭቃ የለም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ፤ እጁ ለሀብታሞቹ እንዳደላ ለምንጩም አድልቶ፣ የጎደለውን ሲሞላ ከርሟል።

ዳሩን ረግጦ ያደረቀው የራሱ መንጋ ነበርና ገሚሱን ሸጠ። ምንጩን አጠረ፤ ለተረፉት ከብቶች በቧንቧ የሚሞላ ገንዳ አበጀ፤ በአጥሩ ውስጥ ዛፍ ተከለ። ጎረቤቶቹ «ውሃ እያለው ላሞቹን የሚያስጠማ!» እያሉ ተሳለቁበት። እሱ «እጄን እስካምነው» ብሎ ሥዕሉን ተወና ውሃውን በየሳምንቱ በእንጨት ይለካ ጀመር። ዘጠኝ ዓመት ለካ። ቄጤማው በቀለ፣ የጠፉት ወፎች ተመለሱ፣ የተሳለቁትም አጥር እንዴት እንደሚታጠር ሊጠይቁት መጡ።

በመጨረሻ ታመመ፤ ሕመሙ ሲጸናበት «ወንበሬን አውጡልኝ» አለ። ሲሥል አለቃው ከኋላው ቆሞ ያያል። ውሃው ጥቁሩን ድንጋይ ሊነካ አንድ ጣት ቀርቶታል።

«ጋሼ፣ እቺን አንድ ጣት ቢጨምሯት ምን አለበት? ዘንድሮ መድረሱ እንደሆነ አይቀርም።»

«ሲደርስ ትጽፈዋለህ። እኔ እስከ ዛሬ የዋሸሁት ይበቃኛል።»

ክረምቱ ሳይገባ አረፈ። ክረምቱ ሲጋመስ ውሃው ድንጋዩን ሸፈነው። አለቃው ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዶ ገለበጠና ሰዓሊው ከጻፈው ቀን ሥር የዕለቱን ቀን ጻፈ፤ አጠገቡም «ደረሰ» ሲል አከለ። የሥዕሉን ፊት ግን አልነካውም።