ከጨጓራው ጎን የነበረው ፌስታል

ባሌ የባህር ኃይል ቀዶ ጠጋኝ ነበር። ሲሉት ያምራል አይደል፤ ነጭ ልብስ፣ የሚያብረቀርቅ ቁልፍ፣ ከኋላው ሰማያዊ ባህር። እኔ ግን የማውቀው አንሶላውን ነው። ምፅዋ፣ የባህር ኃይሉ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበርኩ። እሱ የቆረጠው፣ የቀደደው ሁሉ ደሙም፣ መግሉም፣ ትውከቱም መጨረሻው እኔ ጋ ነው። በዚያ ሙቀት አንድ ቀን ያደረ አንሶላ ሲገለጥ ምን እንደሚመስል ብነግራችሁ የበላችሁት አይረጋላችሁም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ አወራለሁ፣ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ትጽፋለች። እንኳን እናንተ እሷም እየተጸየፈችኝ ነው።

ከማጠብ ብዛት አፍንጫዬ ተማረ። ፋሻውን ከአንሶላው ስለይ የትኛው ቁስል እየዳነ እንደሆነ፣ የትኛው እየበሰበሰ እንደሆነ ከሽታው አውቃለሁ። ደህናው ብረት ብረት ይላል። ክፉው ግን ጣፈጥ ይላል፤ ከርሞ የተበላሸ ወይን አለ አይደል፣ እንደሱ። አንድ ቀን ለነርሷ የጥግ አልጋው ልጅ እግሩ እየሄደ ነው አልኳት፣ ሳቀችብኝ። ማታውን ልጁ በትኩሳት ነደደ። ከዚያ ወዲያ ይሄ የተማረ ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ህመምተኞቹን ከመጎብኘቱ በፊት እኔ ጋ እየመጣ፣ ከቆሻሻው ክምር ፊት ቆሞ፣ ዛሬስ ማን ሸተተ ይለኝ ጀመር። ለሌላዋ ሴት ሽማግሌ ይላካል፤ ለእኔ የተላከው መግል ነው።

ከተጋባን በኋላ ከመርከብ ጋር ይሄዳል፣ ወር ሁለት ወር ቆይቶ ይመጣል። ሲመጣ የሚያወራው ምሳ ላይ ነው። ማዕበል ሲነሳ ህመምተኛውን ከጠረጴዛው ጋር በገመድ እንደሚያስሩት፣ እሱም ወገቡን ታስሮ እንደሚቆርጥ፣ የሚናወጠው መርከብ አንጀቱን ከእጁ እንዴት እንደሚያንሸራትትበት ይተርክልኛል፤ በአንድ እጁ እየጎረሰ በሌላው እያሳየኝ። የተቆረጠውን ደግሞ ባህር ውስጥ አይጥሉትም ነበር አለኝ፣ ሻርክ ያስከትላል። በሸራ ጠቅልለው በረዶ ቤት ያስገቡታል፣ ወደብ እስኪደርሱ። ከምን ጎን ብዬ ጠየቅኩት። ከበጉ ሥጋ ጎን አለኝ፣ ቅንጣት ሳያፍር። ያን ቀን ሳህኔን ይዤ ጎረቤት ሄጄ በላሁ።

መንግሥት ሲወድቅ መርከቡ የመን ገባ፣ እሱም አብሮ፤ እኔም ኋላ ተከተልኩት። ተንከራተን ተንከራተን እዚህ ፍራንክፈርት ደረስን፣ ኒድ የሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጠን። የሐኪምነት ወረቀቱን አልተቀበሉትም። አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ የቀዶ ጥገና ዕቃ አጣቢ ሆኖ ገባ፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሌላ ሰው የቆረጠበትን መቀስ አጠበ። እኔም ቢሮ አጸዳ ነበር። ማታ ስንገናኝ፣ አሁንስ እኩል ሆንን ዶክተር፣ ዛሬስ ማን ሸተተ እለዋለሁ። አይስቅም ነበር። እኔ ስቄ ስቄ እተኛለሁ።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲጋመስ ቤታችን መሽተት ጀመረ። መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ ነው ብዬ አሰብኩ። ልጄ ለሃውስማይስተሩ፣ ሕንፃውን ለሚጠግነው ሰውዬ፣ ደውላ ቴርሚን አስያዘችልኝ፣ ቀጠሮ መሆኑ ነው፤ ሰውየው መጥቶ ቱቦውን ፈታና የሞተች ድመት የምታክል የፀጉር ኳስ፣ ጥቁር ንፍጥ የተለወሰች፣ ጎትቶ አወጣ። የኔው ፀጉር ነው፤ ግን የራስም ቢሆን ያስጠላል። ሽታው ግን አልሄደም። ባሌ ሶፋው ላይ ሆኖ፣ ወንዙ ነው አለ፣ ኒዳ ሲሞቅ ይሸታል። እኔ ቂሏ መስኮት መዝጋት ጀመርኩ። ይባስ ብሎ ከሽታው ጋር ተቆልፌ ተቀመጥኩ።

እሱ ደግሞ ካልሲ ደርቦ ማድረግ አመጣ። ሽቶ መቀባት አመጣ። ሽንት ቤት ገብቶ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ሆዱ ደርቆ ነው ብዬ ተልባ እየበጠበጥኩ ጠዋት ማታ አጠጣሁት። ግጥም አድርጎ ይጠጣል። አሁን ሳስበው ያን ሁሉ ተልባ የጠጣው ምስጢሩን ለመሸፈን ነው፤ አንጀቱ ምን እንዳለው እንጃ።

አፍንጫዬ አልተሳሳተም። ያ ጣፈጥ የሚለው ሽታ ኮሪደሩ ላይ ሁለቴ ሦስቴ መጥቶብኛል። ግን ሐኪም ያለበት ቤት ውስጥ ቁስል ይበሰብሳል ብሎ ማን ያስባል?

ቅዳሜ ሹር ላይ ለፆም መፍቻው ዱለት ላሰናዳ ብዬ የፍሪዘሩን የሥጋ መሳቢያ ከፈትኩ። ከቅበላ ወዲህ አልነካሁትም። ቱርኩ ሥጋ ቤት የገዛሁት ጨጓራ በጥቁር ፌስታል እንዳለ አለ፤ ከጎኑ ሌላ ጥቁር ፌስታል አለ። ሁለት መግዛቴን ረሳሁት ብዬ ደስም አለኝ። ሁለቱንም ሳህን ማጠቢያው ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልቼ ነከርኳቸው። ሽንኩርት ስከትፍ ውሃው ቢጫ ሆነ። ከዚያ ሽታው ተነሳ። ወይኑ፣ የተበላሸው ወይን።

ፌስታሉን ፈታሁት። ፋሻ ነው። ደርቆ የነበረው እየራሰ፣ አረንጓዴ ቢጫ መግል እየለቀቀ፣ እጄ ላይ እየተዝለገለገ። አንዱ ጥቅልል ግን ለብቻው፣ ተለቅሞ ተስተካክሎ የታሰረ ነበር፤ ስጦታ ይመስል። ሞኝ ነኝ፣ እሱንም ፈታሁት። ትንሿ የእግር ጣት ናት። ከሰል የመሰለች፣ ጥፍሯ ያለ። ለበዓል እኛ ጋ ያደረችው የልጅ ልጄ ኩሽና ገብታ በጀርመንኛዋ፣ ኦማ ምን እየሠራሽ ነው አለችኝ። ጨጓራው ላይ አስታወኩ።

አፌን ተጉመጠመጥኩ። ጣቷን ከነፋሻዋ ሳህን ላይ አደረግኩ፣ ሹካም አላጎደልኩም፣ ሄጄ ፊቱ አስቀመጥኩለት። ስናደድ አንቱ ነው የምለው።

"ዶክተር፣ ምሳዎ ቀርቧል።"

ሳህኑን አየ። ይደነግጣል ስል፣ መነጽሩን አውጥቶ አደረገ።

"ንጹህ አድርጌ ነው የቆረጥኳት" አለኝ።

ስኳር አለበት፣ እግሩ ደንዝዟል፣ ሽንት ቤታችን ውስጥ ሲቆርጣት አልተሰማውም። ፋሻውን ወደ ቆሻሻ ማውረድ አቃተው፣ ሦስት ፎቅ ነው። ሁዳዴ ላይ የሥጋ መሳቢያውን እንደማልከፍት ያውቃል። ወደብ እስኪደረስ በረዶ ቤት አስገባው፤ እንደለመደው። ካልሲውን አውልቅ አልኩት። አላወልቅም አለ። ራሴ ጎተትኩት፣ ቆዳው ከካልሲው ጋር መጣ። ከጎኗ ያሉት ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል፣ በመሃላቸው ቀጭን መግል ይወጣል፣ ቅላቱ ወደ ቁርጭምጭሚቱ እየወጣ ነው። ሳል ያዘኝ፣ አይኔ አለቀሰ። ከሽታው ነው።

ክራንከንሃውስ፣ ሆስፒታል እንሂድ አልኩት። እምቢ አለ። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ ልጄ በስልክ ጮኸችበት። ዛሬ ካልሄደ ደሙ ተመርዞ እንደሚሞት እሱ ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ያውቃል፣ እምቢ ይላል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፤ አንድ ጊዜ ባህር ላይ የአንድ ጎረምሳ መርከበኛ እግር ተጨፍልቆ መጣ። ከጉልበት በታች መቁረጥ ይቻል ነበር። መርከቡ ይናወጣል፣ እሱ ሁለት ቀን አልተኛም፣ ከላይ ሲቆረጥ መስፋቱ ይቀላል። ከጭኑ ቆረጠው። ልጁን አልጠየቀውም። ሲነቃ፣ አይዞህ፣ እግር ብቻ ነው አለው።

"እኔንም እንደዚያ ነው የሚያደርጉኝ" አለኝ።

ብዙ ነገር አጥቤያለሁ። የዚያን ቀን እሱን የተጸየፍኩትን ያህል ግን ሳህን ላይ ያለችውን ጣት እንኳ አልተጸየፍኳትም። የዚያን ልጅ አንሶላም እኔ ሳላጥበው አልቀርም። ይሄን ሁሉ ዓመት እግር ብቻ ነው ብሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከእኔ ጋር ምሳ በልቷል። ልሂድ፣ ይበስብስ አልኩ በልቤ። በሩ ድረስም ሄድኩ። ተመለስኩ።

"ያ ልጅ አልተጠየቀም" አልኩት። "እዚህ ሳይጠይቁህ አይቆርጡም፣ ወረቀት ላይ ያስፈርሙሃል። አፍህ አልበሰበሰ፣ ሂድና ተከራከራቸው።"

እግሩን አየ። ከዚያ የደህናውን እግሩን ጫማ ጠየቀኝ።

ሆስፒታል ያገኘናት ሐኪም የልጅ ልጄን እህት የምታህል ልጅ ናት። አየችው፣ ፊቷን አላጨማደደችም፤ ያጨማደድኩላት እኔ ነኝ። እስክሪብቶ አውጥታ የእግሩ መሃል ላይ መስመር ሠራች፣ ከጣቶቹ ብዙ ከፍ አድርጋ። እሱ እጁን ዘረጋና እስክሪብቶውን ወሰደባት። ከጣቶቹ ስር፣ ዝቅ አድርጎ የራሱን መስመር ሠራ። አልተቆጣችም። አጠገቡ ቁጭ ብላ የእግሩን የደም ሥር ፎቶ አሳየችው፣ ደሙ የት ድረስ እንደሚደርስ በጣቷ አመለከተችው። የልጅ ልጄ ስትተረጉምልኝ፣ አንተ ባሰመርክበት ብቆርጥ በወሩ ተመልሰህ ትመጣለህ፣ ያኔ ከጉልበትህ ነው እያለችው ነው አለችኝ። እሱ ፎቶውን መልሶ መላልሶ አየ። ከዚያ በአውራ ጣቱ ምራቅ አድርጎ የራሱን መስመር አጠፋ። ከዚያ ቁስል ላይ፣ በምራቅ! ፈረመ።

ግማሽ እግሩ ሄደ። ተረከዙ አለ፣ ጉልበቱ አለ፣ ነፍሱ አለች።

አሁን ነርስ እየመጣች ቁስሉን ታጥብለታለች። ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ የበዓል ቀን ሳትመጣ ቀረች። ሻሼን አፍንጫዬ ላይ አስሬ እኔው ፈታሁት። መግል የለም፤ ግን ቀይ ሆኖ፣ እንደተከተፈ ሥጋ ሆኖ፣ እየረጠበ፣ የስፌቱ ክሮች እንደ ዝንብ እግር ወጥተው። አንዴ ሄጄ አስታወኩ፣ ተመለስኩ። እሱ ትራሱን ተደግፎ ያዛል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ጥረጊ፣ አትፍሪ፣ ጠበቅ አድርጊው። ዝም ይበሉ አንቱ አልኩት። ጠቅልዬ ጨረስኩ። ቀና ብሎ አየና ጠማማ ነው አለኝ።

አየሁት። እውነቱን ነው፣ ጠማማ ነው። እየሰደብኩት ፈታሁትና እንደገና ጠቀለልኩት።