በጾም ያቋረጥነው ዜማ

እህቴ አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት አረፈች። ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ሌላ መጀመሪያ አላገኘሁም።

አትናገርም ነበር። በእግሯ የቆመችው በሦስት ዓመቷ ነው። ስሟን ስንጠራት አትዞርም። ጆሮዋ ግን ይሰማል፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ቀና ብላ ትስቅ ነበር። ይህን ያየች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት ደብረ ማርቆስ የላከችን። እዚያ እንደ እህቴ እድገታቸው የዘገየ ሕፃናትን በዜማና በከበሮ የምታስተምር ባለሙያ ነበረች። በየማክሰኞው እናቴ አዝላት፣ እኔ ዕቃ ይዤ፣ ከምንኖርበት ከአምበር በሚኒባስ እንሄድ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ስለነበር የቤቱ ልምምድ የእኔ ሆነ።

ሲያዩት ቀላል ነው። ባለሙያዋ «እጅሽ የታለ?» ብላ ታዜማለች። ሁለት ጊዜ ትመታለች። ከዚያ እህቴ እጇን እስክታነሳ ዝም ብላ ትጠብቃለች። መጀመሪያ ሰሞን እናቴ አላስችላት እያለ የልጇን እጅ ራሷ ታነሳላት ነበር።

«ይተዉ እንጂ እናቴ» አለቻት ባለሙያዋ፤ «እርስዎ ከመለሱላት እሷ መቼ ልትመልስ ነው?»

ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ ነገረችኝ። «እጅ፣ ራስ፣ ጆሮ፣ ሆድ። እነዚህን ካወቀች ሲያማት የት እንደሆነ ታሳያችኋለች። አንድ ቀንም እንዳታቋርጥ። ገና አልጸናላትም።»

ቤት ከበሮ የለንም። ባዶ ቢጫ ጀሪካን ገልብጬ እመታ ነበር። ያንኑ ዜማ ሃያ ጊዜ። ጥር ላይ እጇን አነሳች። ቀጥሎ ጆሮዋን ያዘች። ሆዷን ሁለት ጊዜ፣ ምናልባት ሦስት ጊዜ፣ መታ መታ አደረገችው። እናቴ እልል አለች።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾሙ ቤተ ክርስቲያንም ከበሮ አይመታም። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ከአጥሩ ወዲያ ብቅ አለችና «እናንተ ቤት ፋሲካ ቀድሞ ገባ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ክፋት አልነበረባትም። የእናቴ ፊት ግን ጠቆረ።

«እስኪፈታ ተወው» አለችኝ።

«እማ፣ አታቋርጡ ብላናለች እኮ።»

«ሁለት ወር አይሞላ። በዚች ልጅ ላይ ደግሞ ኃጢአት እንጨምርባት?»

እውነቱን ልጻፍ። አልተከራከርኩም። የሰፈር ልጆች በር ላይ ቆመው «ዲጄው! ዲጄው!» ይሉኝ ነበር፤ አፍር ነበር። ስንተወው ደስ አለኝ። ለባለሙያዋ ደውዬ መንገዱ ስለከበደን እቤት እንሠራለን አልኳት።

በአምስተኛው ሳምንት እህቴ አንድ ጠዋት ማልቀስ ጀመረች። ጆሮዋን ይዛ ነው የምታለቅሰው። ጆሮዋን ነው አልን። እናቴ ጨርቅ እያሞቀች ያዘችላት። እኔ ጀሪካኑን ሳልመታ፣ በቃሌ ብቻ «ሆድሽ የታለ?» አልኳት። አየችኝ። አሁንም ጆሮዋን ያዘች። በሦስተኛው ቀን ዝም አለች። ተሻላት ብለን ተደሰትን። ከሰዓት በኋላ ግን ሰውነቷ እሳት ሆነ። ሆዷ ደርቆ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «ሆዷን ካመማት ስንት ቀን ሆናት?» አለን። «ጆሮዋን ነው እንጂ» አለች እናቴ። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። ቀዶ ጥገና ተደረገላት። በማግስቱ አረፈች።

የንስሐ አባታችን ለለቅሶ ሲመጡ ጠየቅኋቸው። እናቴ አጠገቤ ነበረች።

«አባ፣ ሕፃን ለማስተማር ጀሪካን መምታት በጾም ክልክል ነው?»

ግራ ገባቸው። «እኔ የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ ነው የማውቀው፣ ልጄ። ይሄማ ሕክምና አይደል? ምነው ሳትጠይቁኝ?»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ልምምዱ ቢቀጥል ኖሮ ታሳየን ነበር? አላውቅም።

ከአርባዋ በኋላ ለባለሙያዋ ልነግራት ብቻዬን ማርቆስ ሄድኩ። አለቀሰች። ቆይታ እንዴት እንደታመመች አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ ጆሮዋን ይዛ ታለቅስ እንደነበር ነገርኳት።

«በጾሙም ትሠሩ ነበር አይደል?»

«አዎ። በየቀኑ።»

እናቴን ልሸፍን ነው ብዬ ነበር። እናቴን ብቻ ግን አልነበረም።

«በየቀኑ ሠርታችሁ ካልያዘችው እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ነው። ከሆድ መጀመር ነበረብኝ።» ደብተሯን ሳበችና ይህንኑ መጻፍ ጀመረች። አጻጻፏ ቀስ ያለ ነው። ላስቆማት ጊዜ ነበረኝ። ስትጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተነሳሁ። እሷም በሩ ድረስ ሸኘችኝ።